ለክራርና ለማሲንቆ በአቅም የሚገዛ ፕሪአምፕ እንዴት ይመረጣል?

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በጥርና በሚያዝያ የሰርግ ወራት ዳስ የማይጣልበት ሰፈር የለም። ሞንታርቦው ከዳሱ ደጃፍ ይቆማል፤ ኪቦርዱ ይሰካል፤ ዘፋኙ ማይክ ይይዛል። ክራሩና ማሲንቆው ግን የሚታሰቡት ከሁሉም በኋላ ነው። ሲሰኩም ድምፃቸው እንደ ቆርቆሮ ይሳሳል፣ ያፏጫል ወይም በኪቦርዱ ተውጦ ይቀራል። ታዳሚውም ክራር በትልቅ ድግስ ላይ አይሆንም ብሎ ይደመድማል፤ በሚቀጥለው ሰርግ ተጫዋቹ አይጠራም።

ይህ ድምዳሜ ስህተት ነው። በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች ክራርና ቤዝ ክራር በኤሌክትሪክ ተሰክተው ቤቱን ሞልተው ይጫወታሉ። ለንደን ላይ በተመስገን ዘለቀ መሪነት የተቋቋመው ክራር ኮሌክቲቭ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው አልበሙ በክራር፣ በከበሮና በዘፋኝ ብቻ የአንድ ሙሉ ባንድ ጉልበት አሳይቷል። እንድሪስ ሐሰን በኢትዮከለር ባንድ ውስጥ በማሲንቆው ትልልቅ መድረኮች ላይ ተሰምቷል። መሣሪያዎቹ ያው አባቶቻችን የተጫወቱባቸው ናቸው፤ የሚለያየው ድምፁ ከመሣሪያው ተነስቶ ሞንታርቦው እስኪደርስ የሚያልፍበት መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ዕቃ ፕሪአምፕ ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወዷል። ስለዚህ እያንዳንዱን ብር ድምፁን ለሚለውጠው ነገር ብቻ ማዋል ያስፈልጋል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው ሁሉ ከአንድ ሐሳብ ይነሳል፦ የፕሪአምፕ የመጀመሪያ ሥራ ማስጮህ አይደለም፤ መሣሪያው የሰጠውን ድምፅ ሳይጎድል መቀበል ነው። ማስጮሁን ሞንታርቦው ያውቅበታል።

1. ፒክአፕዎ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ፕሪአምፕ መስማማት ያለበት የመሣሪያውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ከፒክአፑ ጋር ነው። በእኛ ገበያ የሚገኙት ፒክአፖች ሁለት ዓይነት ናቸው።

ማግኔት ያለው ፒክአፕ የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የምናየው ነው። የሚሰማው የብረት አውታርን ብቻ ነው። የማሲንቆ አውታር የፈረስ ጭራ ስለሆነ ይህ ፒክአፕ ምንም አይሰማለትም። ክራርዎ በጅማት ወይም በናይለን የተወጠረ ከሆነም እንደዚያው ነው። የሚሠራልዎ ክራሩን በብረት አውታር የሚጫወቱ ከሆነ ብቻ ነው።

ፒዬዞ የሚባለው ፒክአፕ በናስ ሳህን ላይ የተለጠፈ ስስ ሴራሚክ ነው። ሲርገበገብ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። አውታሩ ከምንም ይሠራ፣ ፒዬዞው የሚሰማው የቆዳውንና የብርኩማውን እንቅስቃሴ ስለሆነ ለማሲንቆም ለክራርም ይሆናል። በማንቂያ ሰዓትና በሙዚቃ ካርድ ውስጥ የሚጮኸው ክብ ነገር ያው ፒዬዞ ነው። ባለ 27 ሚሊ ሜትሩ ክብ ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ በመሆኑ ከዚህ በታች የምናገረው በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

2. ጉድለቱ የፕሪአምፕ መሆኑን ያረጋግጡ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ክራሩን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሰክተው ጥቂት ይጫወቱና ወፍራሞቹን አውታሮች ያዳምጡ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ጓደኛ ካለዎት የጊታሩን አምፕሊፋየር ይዋሱና ያንኑ ክራር በዚያው ኬብል ይሰኩበት።

በጊታር አምፕሊፋየሩ ላይ ወፍራሙ ድምፅ ተመልሶ ከመጣ ፒክአፕዎ ጤነኛ ነው፤ የጎደለዎት ተስማሚ መግቢያ ነው። በሁለቱም ላይ ድምፁ ከሳሳ ግን ፕሪአምፕ አይግዙ። ፒክአፑ በደንብ አልተለጠፈም፣ ሽቦው ላልቷል ወይም ሴራሚኩ ተሰንጥቋል። እዚያ ላይ ይጀምሩ።

3. አንድ ቁጥር ይጠይቁ፦ የመግቢያ ኢምፒዳንስ

ሻጩ ስለ ዕቃው ብዙ ሊነግርዎ ይችላል። እርስዎ ግን አስቀድመው የመግቢያ ኢምፒዳንሱን፣ ማለትም መግቢያው የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቋቋምበትን መጠን ይጠይቁ። በሳጥኑ ወይም በመመሪያው ወረቀት ላይ በኪሎ ኦም ወይም በሜጋ ኦም ተጽፎ ይገኛል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፒዬዞ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ነው። መግቢያው ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ ካለው፣ ከደካማ ምንጭ በትልቅ ባልዲ በአንዴ ለመቅዳት እንደመሞከር ይሆናል፤ ምንጩ ይደርቃል። መጀመሪያ የሚጠፋውም ወፍራሙ ድምፅ ነው። 27 ሚሊ ሜትሩ ፒዬዞ በአማካይ 20 ናኖፋራድ ያህል ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም አለው ብለን ብናሰላ ውጤቱ ይህን ይመስላል፦

• መግቢያው 10 ኪሎ ኦም ሲሆን (በብዙ ሚክሰሮች የላይን መግቢያ እንደዚህ ነው) ከ800 ሄርዝ በታች ያለው ድምፅ እየከሳ ይሄዳል።
• 100 ኪሎ ኦም ሲሆን መክሳት የሚጀምረው ከ80 ሄርዝ በታች ነው።
• 1 ሜጋ ኦም ሲሆን ከ8 ሄርዝ በታች ይሆናል፤ ይህን ጆሮ አይሰማውም፣ ስለዚህ ምንም አልጠፋም ማለት ነው።

የክራር አውታሮች መሠረታዊ ድምፅ በአብዛኛው ከ800 ሄርዝ በታች ነው። ክራሩን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ስንሰካ የምንሰማው እንግዲህ የጣቱን ኳኳታና የአውታሩን ጫፍ ብቻ ነው። ሰዎች የቆርቆሮ ድምፅ የሚሉት ይህንን ነው። የሚክሰሩን ቤዝ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ቢያዞሩትም የጠፋው አይመለስም፤ የሚጨምረው እምምታው ብቻ ነው።

ለክቡ ፒዬዞ 1 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ ይፈልጉ። በጊታር ድልድይ ሥር የሚገባው ቀጭን ዘንግ መሰል ፒዬዞ ካለዎት ግን አቅሙ ከክቡ እጅግ ያነሰ፣ ወደ 1 ናኖፋራድ የሚጠጋ ነው። ለእሱ 1 ሜጋ ኦም እንኳ ስለማይበቃው እስከ 10 ሜጋ ኦም ያለውን ይፈልጉ።

በብረት አውታርና በማግኔት ፒክአፕ ለሚጫወቱ ነገሩ ይገለበጣል። የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ የሚታወቅበትን ፔዳል ስቲል ጊታር የሚጫወቱ ሰዎች ከፒክአፑ በኋላ ረጅም ኬብልና የቮሉም ፔዳል ስላላቸው የሚጠፋባቸው ቀጭኑ፣ የሚያበራው ድምፅ ነው። ብዙዎቹ ከፔዳሉ በፊት ትንሽ ፕሪአምፕ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። እኛ ወፍራሙን እናጣለን፣ እነሱ ቀጭኑን፤ መድኃኒቱ ግን ያው ከፍ ያለ የመግቢያ ኢምፒዳንስ ነው።

4. ጌይን ብዙ አይፈልጉ

ጌይን በዴሲቤል ይለካል። 20 ዴሲቤል ማለት ሲግናሉን 10 እጥፍ ማሳደግ ነው። ክብ ፒዬዞ በጠንካራ የክራር ምት ላይ በራሱ ብዙ ሲግናል ስለሚሰጥ ከ20 ዴሲቤል በላይ የሚያስፈልግዎ ከስንት አንዴ ነው። ብዙ ጌይን ያለው ርካሽ ዕቃ ሹክሹክታውንና ፉጨቱንም አብሮ ያሳድጋል። ጌይኑ ዝቅተኛ፣ ኢምፒዳንሱ ከፍተኛ የሆነው ከተቃራኒው ሁልጊዜ ይሻላል።

5. የኃይል ምንጩን ከመብራታችን ጋር ያመዛዝኑ

ባለ 9 ቮልት ባትሪ ለእኛ አገር ተጫዋች የመጀመሪያው ምርጫ ነው። መብራት ሲሄድና ጄኔሬተር ሲነሳ አይናወጥም። ከግድግዳው 50 ሄርዝ እምምታም አያመጣም። ቀላል ፕሪአምፕ በአንድ ጥሩ አልካላይን ባትሪ ከ100 ሰዓት በላይ ሊሠራ ይችላል። አንድ ተጨማሪ ባትሪ በክራሩ ከረጢት ውስጥ ይኑርዎት።

አዳፕተር የሚጠቀሙ ከሆነ ቮልቴጁን ብቻ ሳይሆን የጃኩን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቀማመጥም ያረጋግጡ። ብዙዎቹ የጊታር ፔዳሎች ኔጋቲቩን ከመሐል ይፈልጋሉ፤ ተገልብጦ ከተሰካ ዕቃው ሊቃጠል ይችላል።

ፋንተም የሚባለው 48 ቮልት ከሚክሰሩ በማይክ ኬብል በኩል ይመጣል። ይህን ተቀብሎ የሚሠራ ፕሪአምፕ ምቹ ነው፤ ግን የሰርግ ሚክሰር ሁሉ ፋንተም የለውም። በፋንተም ብቻ የሚሠራ አይግዙ።

6. የሚከፈልባቸውንና የማይከፈልባቸውን ማዞሪያዎች ይለዩ

በቅድሚያ ሎው ከት ይኑረው። ከ80 ሄርዝ አካባቢ በታች ያለውን ሲቆርጥልዎ የከበሮው ንዝረት፣ የእግር ምትና የዳሱ ጉርምርምታ በቆዳው አድርጎ ወደ ፒክአፑ ቢገባም ወደ ሞንታርቦው አያልፍም።

ሁለተኛው ሚድ፣ ማለትም የመካከለኛው ድምፅ ማዞሪያ ነው፤ የሚቆርጠውን ቦታ መምረጥ የሚቻልበት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ክራርና ማሲንቆ ቆዳ ለብሰው የሚጮኹ ሳጥኖች ናቸው። ቆዳው ከሞንታርቦው የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ መልሶ ይርገበገባል፤ ፉጨቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፉጨቱ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ስለሚነሳ ያንን ቦታ ብቻ ነጥሎ የሚቀንስ ማዞሪያ ድምፁን ሙሉውን ከመቀነስ ያድንዎታል። ኖች የሚባለው ይህንኑ ሥራ በጠባቡ ይሠራል። ፌዝ፣ ማለትም የሲግናሉን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚገለብጥ ቁልፍም አንዳንዴ ፉጨቱን በአንድ ጭነት ያጠፋዋል።

ኮረስ፣ ሪቨርብ፣ ዲሌይ የሚሉት ላይ ግን ገንዘብ አይጨምሩ። ሪቨርብ ሚክሰሩ ላይ ካለ ይበቃል። ጥሬውን ድምፅ ሳያስተካክሉ ማስጌጥ በተለይ ማሲንቆን ይጎዳዋል፤ የማሲንቆ ውበቱ ደጋኑ ጭራው ላይ ሲሳብ በሚሰማው ሻካራነት ነው።

7. መውጫውን ከኬብልዎ ርዝመት ጋር ያገናዝቡ

ከሞንታርቦው አጠገብ ቆመው የሚጫወቱ ከሆነ ተራ የጊታር ጃክ ይበቃል። ኬብሉ 5 ወይም 6 ሜትር ባያልፍ ይመረጣል። ሚክሰሩ ከዳሱ ማዶ ተቀምጦ ኬብልዎ በመብራት ሽቦና በጄኔሬተር ገመድ መሐል አልፎ የሚሄድ ከሆነ ግን ኤክስኤልአር፣ ማለትም የማይክ ኬብል የሚሰካበት መውጫ ያለውን ይፈልጉ። ይህ መውጫ በመንገድ ላይ የሚለቀመውን እምምታ ይሰርዛል።

8. ከሦስቱ የዋጋ መንገዶች አንዱን ይምረጡ

ሀ. ማሠራት። በአካባቢዎ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ ካለ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ይህ ነው። ይህን ዝርዝር ይስጡት፦ አንድ ቲኤል 071 አይሲ፤ 9 ቮልቱን ለሁለት የሚከፍሉ ሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፤ መካከለኛውን ነጥብ የሚያረጋጋ ባለ 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፤ ከመካከለኛው ነጥብ ወደ አይሲው መግቢያ የሚሄድ ባለ 3.3 ሜጋ ኦም ሬዚስተር፤ ለመግቢያ ባለ 100 ናኖፋራድ፣ ለመውጫ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፤ ከመውጫው ወደ ግራውንድ ባለ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። የአይሲው መውጫ ከኔጋቲቭ መግቢያው ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ይህ ድምፁን አያሳድግም፤ ሳይጎድል ተቀብሎ ለሚክሰሩ በሚስማማ መልክ ያስተላልፋል። ለብዙ ክራሮች ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ሁለት ነገር አጥብቀው ይጠይቁት፦ ሳጥኑ የብረት ይሁን፣ ከግራውንድ ጋርም ይገናኝ። የመግቢያው ጃክ ስቴሪዮ ሆኖ የባትሪው ኔጋቲቭ በእሱ በኩል ይለፍ። እንዲህ ከሆነ ተራው የጊታር ኬብል ሲነቀል ባትሪው አብሮ ይጠፋል።

ለ. ለአኩስቲክ ጊታር የተሠራ ባለ ማዞሪያ ፕሪአምፕ። በጊታር ጎን ላይ ተቆርጦ የሚገባው ነው፤ በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ፒዬዞውም ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል። ዋጋው መጠነኛ ነው፤ ቤዝ፣ ሚድና ትሬብል አለው። ክራርዎን ግን አይቁረጡ። የድምፅ ሳጥኑ ሲበሳ ቃናው ይለወጣል። በትንሽ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስገብተው በቀበቶዎ ላይ ወይም ከአጠገብዎ ያኑሩት።

ሐ. ዲአይ ቦክስና የተሟላ ፕሪአምፕ። ዲአይ ቦክስ የመሣሪያን ሲግናል ለሚክሰር የማይክ መግቢያ የሚያመቻች ሳጥን ነው። የቤህሪንገሩ ዲአይ 100 በባትሪም በፋንተምም ይሠራል፤ መግቢያው ከ250 ኪሎ ኦም በላይ ስለሆነ፣ ከመረጥነው 1 ሜጋ ኦም ሊያንስ ቢችልም፣ ለክቡ ፒዬዞ ይበቃል፣ ለቀጭኑ ዘንግ ግን ያንሳል። የዚያው ድርጅት ኤዲአይ 21 ለአኩስቲክ መሣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ከፍ ሲል የኤል አር ባግስ ፓራ ዲአይ መግቢያው 10 ሜጋ ኦም ነው፤ ኖችም ፌዝ መገልበጫም አለው። ይህን አዲሱን መግዛት ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለበዓል ሲመጣ ያገለገለውን እንዲያመጣልዎ ቢለምኑት ግን ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ያገኛሉ።

ባትሪም ፋንተምም የማይፈልገውን ፓሲቭ ዲአይ ለፒዬዞ አይግዙ። ውስጡ ትራንስፎርመር ብቻ ስለሆነ የመግቢያ ኢምፒዳንሱ ለፒዬዞ አይበቃም።

9. ሲገዙ እዚያው ይፈትኑ

ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚላክልዎ ከሆነ መመለሱ ዓባይ በረሃን ሁለት ጊዜ መሻገር ነው። ስለዚህ እርስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ሱቁ ውስጥ ይሞክረው። ክራሩን ይዞ መሄድ ካልተቻለ ፒዬዞ ከኬብል ጋር ይዞ ይሂድ። ፒዬዞውን ጠረጴዛ ላይ በጣት ተጭኖ ጠረጴዛውን ቀስ ብሎ ያንኳኳ፤ ወፍራም ኳታ ከተሰማ መግቢያው ጥሩ ነው፣ ቀጭን ቅጭልታ ከሆነ ይተወው። ከዚያ እያንዳንዱን ማዞሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙር፤ የሚንኮሻኮሽ ካለ ሌላ ይጠይቅ። ኬብሉን በጃኩ ላይ በቀስታ ያወዛውዝ፤ ድምፁ መቆራረጥ የለበትም። የባትሪውን ክዳንም ከፍቶ ይዝጋ፤ በርካሽ ዕቃ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።

10. ፒዬዞውን በቦታው ያስቀምጡ

ከሁሉ የበለጠ ድምፅ የሚለውጠው፣ ገንዘብም የማይጠይቀው ሥራ ይህ ነው። ፒዬዞውን ከብርኩማው እግር አጠገብ ቆዳው ላይ በሰም ይለጥፉት። ሰም በጎጃም ገበያ አይጠፋም፤ ድምፅ በደንብ ያስተላልፋል፣ ሲያስፈልግም ቆዳውን ሳይጎዳ ይነቀላል። ጠንካራ ማጣበቂያ አይጠቀሙ። ከዚያ እየተጫወቱ በጣት ስፋት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ዳር ያዛውሩት። ወደ ብርኩማው ሲጠጋ ድምፁ ይጠራል፤ ወደ ቆዳው መሐል ሲሄድ ይወፍራል፣ ፉጨቱም ይጨምራል። ሁሉም አውታሮች እኩል የሚሰሙበትን ቦታ ሲያገኙ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።

ቆዳ ከአየሩ ጋር ይለዋወጣል። በክረምት በደጀን ደጋ ላይ እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ሲወርዱ ደርቆ ይወጠራል። ሁለቱ ቦታዎች ላይ ድምፁም ፉጨቱም ስለሚለያይ የፕሪአምፑን አቋም በደረሱበት አየር እንደገና ያስተካክሉ።

11. በሰርጉ ቀን

ቀድመው ይድረሱ። የፕሪአምፑን ማዞሪያዎች ሁሉ መሐል ላይ፣ ቮሉሙን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ከሞንታርቦው ኋላ ይቁሙ፤ ሳጥኑ በፍጹም ወደ ስፒከሩ አይዙር። ሳውንድ የሚሠራውንም በአክብሮት ይንገሩት፦ «ወንድሜ፣ የእኔን ቻናል ጌይን ከዜሮ ጀምረህ ቀስ እያልክ ክፈትልኝ፤ ቤዙን አትጨምርብኝ፤ በጃክ ከሆንኩ ፋንተሙን አጥፋልኝ።» ከዚያ በኃይል የሚጫወቱትን ዘፈን ይጫወቱለት። በለስላሳው ከለካችሁት ሰርጉ ሲሞቅ ድምፁ ይሰነጠቃል። ፉጨት ከመጣ መጀመሪያ የቆሙበትን ቦታ ይቀይሩ፣ ቀጥሎ ፌዙን ይገልብጡ፣ ከዚያ ሚዱን ይቀንሱ፤ ቮሉም መቀነስ የመጨረሻው ይሁን።

ገንዘብዎን በቅደም ተከተል ያውጡ

ያለዎት ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጥሩ ፒዬዞና ጥሩ ኬብል ይግዙ፤ በተዋሱት የጊታር አምፕሊፋየር ይጫወቱ። ትንሽ ሲተርፍ የአካባቢዎ ባለሙያ ባለ 3.3 ሜጋ ኦሙን ሳጥን ይሥራልዎ። ሥራው ሲበረክትና በወር ብዙ ሰርግ ሲጠሩ ኤክስኤልአር መውጫና ሎው ከት ያለውን ዲአይ ይጨምሩ። ኖችና ፌዝ ያለው የተሟላው ፕሪአምፕ ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ሳይገዙት ቢቀሩም ክራርዎ ይሰማል።

የጎጃም አዝማሪ ግጥሙን በቦታው ሲፈጥር ክራሩ ወይም ማሲንቆው ቃሉን ይቀበለዋል፣ ይመልስለታል፣ አንዳንዴም አፉ ያላለውን ይናገራል። ታዳሚው ቃሉን ብቻ ሰምቶ አውታሩን ካልሰማ የጨዋታው ግማሽ ቀርቶበታል። ትንሹ ሳጥን የሚገዛው ይህ እንዳይቀር ነውና፣ በየዳሱ ሲሰኩ ከኪቦርዱ እኩል እንዲሰሙ በልበ ሙሉነት ይጠይቁ።